የቀኝ ፊት ጎማ

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ነጥቤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ አንድ ነበር። ለምሳ ስመለስ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ። በመሃል እኔ ስድስት ጎማ ለጥፌአለሁ፣ ሁለት ቸርኬ አቃንቻለሁ፣ የአንድ አውቶቡስ የኋላ ጎማ ስፈታም አውራ ጣቴን ልጫለሁ። መሪ ግን አልነካሁም።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከሥራ መልስ ደግሞ በኮምፒውተር የመኪና ውድድር እነዳለሁ። ሕፃናት በስልክ የሚጫወቱት ዓይነት አይደለም። እውነተኛ መሪና ፔዳል አለው፤ ጎማው ይሞቃል፣ ይበላል፣ ካልተጠነቀቁለት ይከዳል። በዓይን የማይተዋወቁ ሠላሳ ሰዎች ከየቤታቸው በአንድ ሰዓት ተገናኝተው ይፋለማሉ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ሹፌር ሁለት ነጥብ ይይዝለታል። አንዱ የብቃት ነው፤ ከበላይህ ያለውን ስትቀድም ይጨምራል፣ ስትቀደም ይቀንሳል። ሌላው የንጽህና ነው፤ ከመንገድ ስትወጣ ወይም ከሰው መኪና ጋር ስትነካካ ይቆረጣል። በዳዩ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ለሁለቱም እኩል ይቆርጣል።

መሪዬ ያገለገለ ነው። ወንበሬ ከተበታተነ ሚኒባስ የወጣ ሲሆን፣ ከአልጋዬ ግርጌ ከጣውላ ጋር በብሎን አስሬዋለሁ። እህቴ ክፍሉን በጠረገች ቁጥር፣ «ሰው ሚስት በሚያስገባበት ክፍል ይሄ ታክሲ አቁሟል» ትላለች። ታላቄ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ክፍል መስኮቱ ሥር ነው። ቤቱ ውስጥ እሷ፣ እኔና አባታችን ነን።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አደጋ ደረሰበት። አንድ ሰው ሞተ። የአባቴ ግራ እግር ከዚያ ወዲህ ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ቅጣቱን ጨርሶ ከመጣ ጀምሮ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ታክሲ ስንሳፈር እንኳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ገብቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። እኔ ስነዳ ግን አንዳንዴ መጥቶ ከኋላዬ አልጋዬ ላይ አረፍ ይልና ዝም ብሎ ያያል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያይ ከርሟል።

ሰኞ ዕለት ነጥቡን እንዳየሁ ወደ እህቴ ሄድኩ።

«እታለም፣ ክፍሌ ማን ገብቶ ነበር?»

«ማን ይገባል? ጅብ?» አለች፣ በአፏ መርፌ እንደነከሰች። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ የሚዜዎች ቀሚስ ላይ ተደፍቼ አንገቴን አላቀናሁም።»

«አባባስ?»

«አባባ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በልቶ ተኛ። ካላመንክ ሳህኑን እይ።»

አየሁት፤ ባዶ ነበር። አባቴ ሳህን ጨርሶ አያውቅም። እኔ ግን ልብ አላልኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ነጥቡ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ። ሌባ ገብቶብኝ ይሆናል ብዬ የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ። ረቡዕ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

ለጨዋታው ባለቤቶች ማመልከት ነበረብኝ። አንድ ስም የአንድ ሹፌር ነው፤ ሌላ ሰው ከነዳበት ይዘጉታል። አላመለከትኩም። የዝምታዬን ምክንያት መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ሻለቃ የምንለው ሰው አለ። ሻለቃ አይደለም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ትእዛዝ ስለሚያበዛ ነው ስሙ የወጣለት። በዓይን አይቼው አላውቅም፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። አራት ሰው ያለው ቡድን አለው፤ በሚቀጥለው ወር አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ውድድር ይገባሉ። አራተኛው ሹፌር ሥራ በዝቶበት ተወ። ሻለቃም «ዝምተኛ፣ ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። ዝምተኛ የጨዋታ ስሜ ነው። «ግን እስከ እሁድ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ካልሞላህ የውድድሩ መዝጋቢ አይቀበልህም።»

እኔ በሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። እህቴ «ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የተረቱት አንተን አይተው ነው» ትላለች። ሠርግ ቤት ብሄድ የምቀመጠው በሩ ጋ ነው። እነሻለቃ ግን የጎማ ነገር በተነሣ ቁጥር «ቆይ፣ ዝምተኛ ምን ይላል?» ይሉ ነበር። ምክንያቱም እኔ ለስላሳውን ጎማ፣ ሌላው ስምንት ዙር የሚጨርሰውን፣ አሥራ ሁለት ዙር አስኬደዋለሁ። ስለዚህ እነሱ ሁለት ጊዜ ለቅያሪ ሲገቡ እኔ አንዴ ይበቃኛል። በሕይወቴ ሰው «ወንበር ይዤልሃለሁ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ነጥቡም በራሱ እያደገ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ግን ማየቱን መተው አልቻልኩም። ጨዋታው የተነዳውን ሁሉ ስለሚቀርጽ የጠዋቱን ውድድር ከፈትኩ።

ጠዋት ሰው ትንሽ ነው፤ ዘጠኝ መኪና ብቻ ነበር። ቀይዋ መኪናዬ ከመሃላቸው ነበረች። ሹፌሯ አይቸኩልም። ከመጠምዘዣው በጣም ቀድሞ ፍሬን ይነካል፣ መኪናዋ ራሷ እስክትዞር ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ነዳጅ ይሰጣል፤ ከጀርባው አርባ ቶን የተጫነ ይመስል። ሌሎቹ ሁለት ጊዜ ሲቀይሩ እሱ አንዴ ቀየረ። መጨረሻ ላይ ጎማቸው አልቆ ሲንሸራተቱ አንድ በአንድ ለቀማቸው።

አንድ ነገር ግን ነበር። በዚህ ወር የመጣው አዲሱ መንገድ ረጅም ቀጥታ አለው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ግራና ቀኙ ሳር፣ መሃሉ ላይ በስተቀኝ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ። ማንም ሰው እዚያ ሲደርስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ነው የሚያልፈው። ይሄ ሹፌር ግን ሰሌዳው ጋ ሲቃረብ ከኋላው የሚመጣ ካለ ያሳልፋል፣ ከዚያ ፍሬን ይይዛል። ፍሬን እንደያዘ ወደ ግራ ይወጣል። የሆነ ነገር አጠገብ ቀስ ብሎ ያልፍና ወደ መስመሩ ይመለሳል።

መልሼ አየሁት። መንገዱ ላይ ምንም የለም። ሃያ አራት ዙር፣ ሃያ አራት ጊዜ። ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ስፋት ትቶ፤ ከአንድ ሰው ሰፋ፣ ከመኪና ጠበብ ያለ ስፋት።

ቅጂውን አቁሜ ካሜራውን ሰሌዳው ድረስ አስጠጋሁት። ሳር፣ አስፋልት፣ ሰሌዳ። 

ሐሙስ ለሻለቃ እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኩት። «በስሜ የሚነዳ ሰው አለ» አልኩት።

«ያሸንፋል?»

«ያሸንፋል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ማንም ይሁን ጎማ ያውቃል። ቁርስ አብላው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። 

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታ አንድ የጭነት መኪና ጎማ መጣ። የጋራዡ ባለቤት፣ እኔን ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ጎማውን መሬት ላይ እያንከባለሉ ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ። ይሄ ሹፌር ምን ሆኗል?»

አየሁት። አንዱ ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል። «በኃይል ፍሬን ይዟል፣ ጋሼ። ጎማው ሳይዞር ተጎትቷል።»

«የት በኩል?»

«ውጪኛው ጠርዝ ላይ። ፍሬን እንደያዘ ጠምዝዟል።»

«ጎበዝ። ጎማ ሐሜተኛ ነው» አሉ ጋሼ። «የሹፌሩን ገበና አንድ ሳያስቀር ያወጣል። ሰው ይዋሻል እንጂ ጎማ አይዋሽም።»

እጄን ልሙጡ ቦታ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ጨዋታው ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ጎማው የት በኩል እንደተበላ ያሳያል። የማይታወቀው ሹፌሬ ሦስቱን ጎማ እኩል ነው የሚጨርሰው። የቀኝ ፊቱን ግን ሁልጊዜ ውጪኛው ጠርዝ ላይ ይበላዋል። ከሰሌዳው ነው፤ ፍሬን እንደያዘ ወደ ግራ ስለሚጠመዝዝ። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ እህቴ አበባ የተከለችበት አንድ የከባድ መኪና ጎማ አለ። ከአባቴ መኪና የወጣ ነው፤ ፖሊስ እንደ ማስረጃ ይዞት ቆይቶ መለሰው። የቀኝ ፊት ጎማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ጎሚስታ ሆኜ አላየሁትም።

«ጋሼ፣ ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩ።

«ምነው፣ ታመምክ እንዴ? ፊትህ ነጣ!»

 ቤት እስክደርስ ሮጥኩ። ግቢ ገብቼ አበባውን በአንድ እጄ ገለጥ አድርጌ ጎማውን ዳሰስኩት። ጥርሱ ከመሃሉ አልቋል። ውጪኛው ጠርዝ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ልሙጥ።

የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ስገባ እህቴ ቀና ብላ አየችኝና እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ቤቱ ጭጭ አለ። ከክፍሌ የሞተር ድምፅ በቀጭኑ ይሰማል።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሰውዬው ከእስር ከወጣ ጀምሮ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ እህል መብላት ጀመረ» አለች በሹክሹክታ። «ልከልክለው? ቀስ ብለህ ግባ። እንዳታስደነግጠው።» ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስፌቷን ቀጠለች።

አባቴ የሚኒባስ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። የማይታጠፈውን ግራ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶታል፤ ከዘራው አልጋዬን ተደግፏል። በቀኝ እግሩ ብቻ ነው ሁለቱን ፔዳል የሚሠራው። የይለፍ ቃሉን ብቀይርም ኮምፒውተሬ ራሱ ስለሚያስታውሰው መክፈት ብቻ በቅቶታል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መኪናዋ ወደ ረጅሙ ቀጥታ ወጣች። ነጩ ሰሌዳ ከሩቅ ታየ። አባቴ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ግራ ወጣ፣ እጁን ከመሪው ላይ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ሹፌሮች እግረኛ ሲያሳልፉ እንደሚያደርጉት።

«እለፍ ወንድሜ» አለ። «እለፍ፣ አይዞህ።»

 መንገዱ ባዶ ነበር።

ውድድሩ ሲያልቅ ሳይዞር «ስንት ሆነ?» አለኝ። መግባቴን አውቆ ነበር።

«ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት።»

«ዛሬም አልነካሁትም።»

«ማንን፣ አባባ?»

እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። ከዚያ እንደ ሩቅ ነገር ይናገር ጀመር። «የቀኝ ፊቱ ጎማ አልቆ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቀይረው ብለውኛል። አንድ ጉዞ ይችላል አልኩ። ጎማ እኮ እንዲህ ነው፤ ሲችል ሲችል ይቆይና በአንድ ቀን እንቢ ይላል። ቀጥታ መንገድ ነበር። ከሩቅ ነው ያየሁት፣ ብስክሌት እየገፋ ሲሻገር። ፍሬን ያዝኩ፣ ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ እዚህ ጨዋታ ውስጥ እሱን ምን አመጣው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? መንገዱን ያመጣኸው አንተ» አለና ዞሮ አየኝ። «የመጀመሪያ ቀን እዚህ ተቀምጬ ሳይህ ሰሌዳው ጋ ቆሟል። ብስክሌቱን ይዞ። አንተ አላየኸውም። አለፍክበት። በሚቀጥለውም ዙር አለፍክበት። ሠላሳ መኪና ተከታትሎ አለፈበት። እሱ እንደገና ይቆማል፣ ልሻገር ይላል፣ እንደገና ታልፉበታላችሁ።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። አዲሱ መንገድ የመጣ ዕለት አባቴ ውድድሩ ሳያልቅ ብድግ ብሎ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። ሰልችቶት መስሎኝ ነበር።

«በነጋታው አንተ ሥራ ስትሄድ መጣሁ» አለ። «ቢያንስ አንድ መኪና ያሳልፈው ብዬ።»

ወደ ስክሪኑ አየሁ። ሳር፣ አስፋልት፣ ሰሌዳ።

«ነገ የምትነዳው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሰሌዳው ጋ ቀስ በል።»

«አባባ፣ ነገ እንደ ጠዋቱ አይደለም። ከኋላዬ ሃያ መኪና ይከተላል። ቀጥታ ላይ ፍሬን ከያዝኩ ይገጩኛል። ነጥቤ ይወርዳል፣ ወንበሩንም አጣለሁ። እስከ ስምንተኛ ከወጣሁ ግን ይሞላልኛል።»

ከዘራውን አንሥቶ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀን እኔንም የሚጠብቀኝ ሰው ነበር።»

እሁድ ከምሳ በኋላ ውድድሩ ተጀመረ። ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አባቴ ከኋላዬ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እህቴም የማታውቀውን ነገር ልታይ የቀሚስ ጠርዝ እየጠቀመች በሩን ተደግፋ ቆመች። ሠላሳ መኪና፣ ሃያ አራት ዙር። አሥራ አንደኛ ሆኜ ተነሣሁ።

በመጀመሪያው ዙር ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ነዳጁን አልለቀቅኩም። ምንም አላየሁም። ከኋላዬ ግን ከዘራው ወለሉን አንዴ መታ። ጠክ። በሁለተኛው ዙር እንደገና ጠክ። በየዙሩ፣ ልክ ሰሌዳውን ሳልፍ። ጆሮዬን በማዳመጫ ብደፍንም ድምፁ በወለሉ፣ በጣውላው፣ በወንበሩ ብሎን በኩል ወገቤ ውስጥ ይገባል።

«አባባ፣ ተው» ስትል እህቴን ሰማኋት።

«ምን አደረግኩ?» አላት።

አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ገብቼ አዲስ ለስላሳ ጎማ አሰርኩ። ያሰብኩት ሁሉ ሰመረ። ሌሎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መግባት ጀመሩ፣ እኔ ቀጠልኩ። ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ፣ ሰባተኛ። ከኋላዬ ሚስማር የሚባል ሹፌር ተጣበቀ፤ ፈጣን ነው፣ ከኋላ ሲይዝህ ስሙን ያስታውስሃል። ሃያኛው ዙር ላይ ሻለቃ በጆሮዬ መጣ።

«ዝምተኛ! ጎማህስ?»

«የቀኝ ፊቱ ሃያ ሁለት በመቶ ቀርቶታል።»

«ይችላል! አራት ዙር ብቻ ናት፣ ይችላል!»

ይችላል። ቃሉ የተነገረው በእኔ ጆሮ ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማንም ሊሰማው አይችልም። ግን ከዚያ ዙር ጀምሮ ከዘራው መምታቱን አቆመ። ሃያ አንድ፣ ዝም። ሃያ ሁለት፣ ዝም። የአባቴ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ዞሬ ማየት ፈለግኩ፤ አልደፈርኩም። ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ከበደኝ።

የመጨረሻው ዙር። ሰባተኛ ነኝ። ረጅሙ ቀጥታ ላይ ወጣሁ፣ ሚስማር ከጭራዬ ሥር። ነጩ ሰሌዳ መጣ።

ሥሩ ሰው ቆሞ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ብስክሌት እየገፋ መንገዱ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ የሙያ ነገር ሆኖ ጎማውን ነው። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ምንም ትንፋሽ አልነበረውም። ቸርኬው ላስቲኩን ጨፍልቆ አስፋልቱን እየነካ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሰውዬው ቀና አለ። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። በትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ አልጋው ላይ ያለውን ነበር የሚያየው።

እግሬ እኔን ሳያስፈቅደኝ ፍሬን ላይ ወደቀ። ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። ያለቀው ጎማ አልሰማኝም፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። አባቴ ያለው ይሄንን ነው። በዚያች ቅጽበት በቅጂው ላይ ያየሁት የአባቴ አነዳድ ትዝ አለኝ። ፍሬኑን ለአንድ ጥቅሻ ለቀቅኩት። ጎማው መዞር ሲጀምር አስፋልቱን ነከሰ፣ መኪናዋም ወደ ግራ ወጣች። በአጠገቡ አለፍኩ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።

ከዚያ ሚስማር ከኋላ ገጨኝ። ሳሩ ላይ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። መኪኖቹ እየተከታተሉ አለፉ፣ አለፉ፣ አለፉ። አሥራ ዘጠነኛ ሆኜ ጨረስኩ።

«ምን ነካህ?» ይላል ሻለቃ። «ቀጥታ ላይ እኮ ነው! ቀጥታ መንገድ ላይ ፍሬን የሚይዝ ምን ዓይነት…»

«ሰው…» አልኩ።

«ምን ሰው?»

 እንደ ወትሮዬ ቃል አልወጣኝም። ነጥቡ ወረደ፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ። ሻለቃም አየው። ሲናገር ድምፁ ረጋ ብሎ ነበር፤ የታዘዘው መድኃኒት ማለቁን ለደንበኛ እንደሚነግር ሰው። «በቃ ወንድሜ፣ ሌላ ጊዜ። ምዝገባውን ዛሬ መዝጋት አለብኝ፣ ሌላ ሰው ልጥራ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ማዳመጫውን አወለቅኩና ዞርኩ። እህቴ ግማሽ የጠቀመችውን ቀሚስ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። አባቴ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ ደራርቦ፣ አገጩን እጆቹ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አለፈ?» አለኝ።

«አለፈ፣ አባባ።»

ስክሪኑ ላይ መልእክት መጣ። ከሚስማር ነው። ስድብ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር። ከፈትኩት፣ ለራሴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላቸው።

«ይቅርታ፣ መኪናህን ማዳን አልቻልኩም። ዘግይቼ ነው ያየሁት። ብስክሌት የሚገፋው ሰውዬ ማን ነው?»

እህቴ «በስመአብ» ብላ በሩን ያዘች። አባቴ አልተነቃነቀም። ፀሐይዋ ከወለሉ ተነሥታ ጉልበቱ ላይ ወጥታ ነበር።

«መልስለት» አለ በመጨረሻ።

«ምን ልበለው?»

«ማን እንደሆነ ስሙን ፍርድ ቤት ሰምቻለሁ፤ እሱን ለራሴ እይዘዋለሁ። አንተ እንዲህ በለው። የፊት ጎማው ተንፍሶበት ነው የሚገፋው። ለዚያ ነው ቶሎ መሻገር የማይችለው። ሲያየው ቀስ ይበልለት።»

ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ስለ ብስክሌቱ ጎማ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አባቴም እስከዚያች ሰዓት ተናግሮ አያውቅም።

ቃል በቃል ጻፍኩለት። ሚስማር ወዲያው መለሰ።

«እሺ» ይላል። ቀጥሎም፣ «ከኋላዬ የነበረውም እየጠየቀኝ ነው። ልንገረው?»